የሰንበቴ ሳንቲምና የሰንጋ ተራው ሰማይ ጠቀስ

(ከዝግጅት ክፍሉ፦ ከዚህ በታች የምታነቡት በጂሌ ጥሙጋ ወረዳ፣ ሰንበቴ ከተማ ውስጥ ለነዋሪዎችና ለዕረፍት ለመጡ ተማሪዎች የተደረገ ንግግር ነው። ተናጋሪው የሰንበቴ ተወላጅ ሲሆኑ አዲስ አበባ ውስጥ ለረጅም ዓመታት በሕንፃ ንድፍ ሥራ ላይ ቆይተዋል። ስማቸው እንዲወጣ ስላልፈለጉ አላወጣነውም።)

አሰላሙ ዓለይኩም! ጤና ይስጥልኝ! አካም ጂርቱ!

የሰንበቴ ሰው በአንድ ቋንቋ ሰላም ብሎ መቀመጥ አይሆንለትም። እሑድ ገበያ ውስጥ ያደገ ልጅ በአማርኛ ዋጋ ጠይቆ፣ በኦሮምኛ ተከራክሮ፣ ከአፋሩ ጋር ደግሞ በእጅ ምልክትም ቢሆን ተስማምቶ ነው ወደ ቤቱ የሚገባው። እኔም ከዚያው ገበያ ነው የወጣሁት። አዲስ አበባ ሄጄ እርሳስና ማስመሪያ ያዝኩ እንጂ ዋጋ መጠየቁን አልተውኩም።

ዛሬ ላወራችሁ የመጣሁት ስለ አንድ ሕንፃ ነው። «ከሰንበቴ ጋር ምን አገናኘው?» እንደምትሉ አውቃለሁ። ታገሡኝ።

ነገሩን የቆሰቆሰብኝ የወንድሜ ልጅ ነው። አዲስ አበባ እኔ ዘንድ መጥቶ ከተማ ሳሳየው ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ቆምን። አንገቱን ወደ ኋላ ቀልብሶ ሽቅብ እያየ «አጎቴ፣ ይሄ ፎቅ የማነው?» አለኝ።

«የንግድ ባንክ ነዋ!»

«ንግድ ባንክስ የማነው?»

«የመንግሥት።»

«መንግሥትስ ብሩን ከየት አመጣው?»

ይኼኔ ዝም አልኩ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ስለ ሕንፃ ሲጠይቁኝ ስለ አርማታና ስለ ብረት ነበር የምመልሰው። ይሄን ጥያቄ ግን ማንም ጠይቆኝ አያውቅም ነበር። እናም መልሱን ልጁ ብቻ ሳይሆን እናንተም ብትሰሙት ይሻላል ብዬ መጣሁ።

መጀመሪያ ሕንፃውን እንየው። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ዋና መሥሪያ ቤት ቁመቱ 209 ሜትር ገደማ ነው። ሁለት የእግር ኳስ ሜዳ ጫፍና ጫፍ አጋጥማችሁ ሽቅብ አቁሙት፤ ያን ያህል ነው። የዲዛይን ውድድሩን ያሸነፈው ሄን የተባለው የጀርመን የአርክቴክቶች ድርጅት ሲሆን የገነባው የቻይና የመንግሥት ኮንስትራክሽን ኩባንያ ነው። በ2007 ዓ.ም. ገደማ ሥራው ተጀምሮ የካቲት 6 ቀን 2014 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትሩ መረቁት። ከ5 ቢሊዮን ብር በላይ እንደፈጀ በዚያው ሰሞን ተነግሯል፤ የምሥራቅ አፍሪካ ረጅሙ ሕንፃም ተባለ። መስተዋቱ እንደ ተጠረበ አልማዝ ፊት ፊት አለው። ጠዋት ፀሐይ ሲያርፍበት አንዱ ገጽ ያበራል፣ አንዱ ይጠቁራል። ደስ ይላል! እኔ በሙያዬ ቅናት የለብኝም፤ የሚያምረውን ያምራል እላለሁ።

ለመሆኑ እንዲህ ያለ ነገር እንዴት ይቆማል? ተማሪዎቹ ይሄን ያዙልኝ። አያቶቻችን ጎጆ ሲሠሩ መሐል ላይ ምሰሶ ያቆሙ የለ? ሰማይ ጠቀስም የሚቆመው በዚያው ብልሃት ነው። መሐሉ ላይ ከታች እስከ ላይ የሚዘልቅ ወፍራም የአርማታ ግድግዳ አለ፤ በሙያችን «ኮር» እንለዋለን። ሊፍቱ፣ ደረጃው፣ የውኃውና የመብራቱ መሥመር በሱ ውስጥ ነው የሚወጣው። ወለሎቹ ይሄን ግንድ ታቅፈው እንደ ቅርንጫፍ ይዘረጋሉ። ከውጭ የምታዩት መስተዋት ምንም አይሸከምም፣ እንደ መጋረጃ የተንጠለጠለ ነው። ሕንፃው በረዘመ ቁጥር ደግሞ ግንዱና ሊፍቱ ብዙ ቦታ ይበላሉ፤ ለሥራ የሚተርፈው ወለል እየጠበበ ይሄዳል። ስለዚህ ረጅም ሕንፃ ሁልጊዜ ትርፍ ያለው ሕንፃ ነው ማለት አይደለም። የኒውዮርኩ ኤምፓየር ስቴት እ.ኤ.አ. በ1931 ሲመረቅ 381 ሜትር ነበር፤ ዘመኑ የኢኮኖሚ ድቀት ስለነበረ ተከራይ አጣና ነዋሪው «ባዶው ስቴት» እያለ ይቀልድበት ነበር።

አንድ ሌላ ነገር ደግሞ አለ። ረጅም ሕንፃን የሚፈትነው ክብደቱ ብቻ ሳይሆን ነፋስና የመሬት መንቀጥቀጥ ነው። ረጅም ሕንፃ ይወዛወዛል። አትሳቁ! እንዲወዛወዝ ታስቦ ነው የሚሠራው፣ ድርቅ ብሎ ቢቆም ይሰነጠቃል። በነፋስ ጊዜ ጫፉ ከቁመቱ ከአምስት መቶ አንድ እጅ በላይ እንዳያዘነብል ተብሎ ይሰላል፤ የተለመደው ልክ እሱ ነው። ለ209 ሜትር 40 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይመጣል፤ ክንድ የማይሞላ ማለት ነው። የመሬት መንቀጥቀጡን ነገር ለእናንተ ማስተማር አያስፈልገኝም። በ1953 ዓ.ም. እዚህ አጠገባችን ካራቆሬንና ማጀቴን ምን እንዳደረጋቸው ሽማግሌዎቹ ያወሩታል። እኛ የተቀመጥነው ስምጥ ሸለቆው አፋፍ ላይ ነው። በ2017 ዓ.ም. ፈንታሌና አዋሽ አካባቢ መሬቱ ሲንቀጠቀጥ አዲስ አበባ ፎቅ ላይ የሚኖረው ሰው ሌሊት በሌሊት ልብሱ ወደ ታች ሲሮጥ አይቻለሁ። እኔም ሮጫለሁ፤ ምን እደብቃችኋለሁ!

አሁን ከሰማይ ጠቀሱ ወደ እግሩ ሥር ዝቅ እንበል። እዚያው አካባቢ ክብ የሆነ፣ ዝቅ ያለ አሮጌ ሕንፃ አለ። የድሮው የንግድ ባንክ ነው። የነደፈው ሄንሪ ሾሜት የተባለ ፈረንሳዊ አርክቴክት ሲሆን በ1957 ዓ.ም. ገደማ ነው የተጠናቀቀው። ይሄ ሰውዬ ጣሊያን ጀምሮት የነበረውን የሲኒማ ቤት ሕንፃ ወደ ቴአትር ቤትነት ለውጦ በ1948 ዓ.ም. ለንጉሠ ነገሥቱ የ25 ዓመት በዓል ያደረሰው ነው፤ ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር የምንለው ማለት ነው። ፊት ለፊቱ የቆመውን የድንጋይ አንበሳ ደግሞ ሞሪስ ካልካ የተባለ የአገሩ ሰው ቀረጸው።

እኔ ይሄን ክብ ሕንፃ እወደዋለሁ። ለምን ብትሉ፣ ወደ ውስጥ ስትገቡ የምታገኙት የአለቃ ቢሮ አይደለም። ሰፊ ክብ አዳራሽ ነው፤ አዳራሹ የተሠራው ገንዘብ ለሚያስገባውና ለሚያወጣው ሰው ነው። ባላገሩም፣ ደብተሩን ታቅፎ የመጣው ጡረተኛም፣ ነጋዴውም በአንድ ጣሪያ ሥር ዙሪያውን ይቆማሉ። ክብ ስለሆነ ፊትና ጓሮ የለውም። ወጣት ሳለሁ አሠሪዬ ልኮኝ ቼክ ልመነዝር ስገባ፣ ከሥራዬ ይልቅ ጣሪያውን እያየሁ ተራዬ አልፎኝ ያውቃል። አዲሱን ሰማይ ጠቀስ ስታዩት ግን የምታዩት ጫፉን ነው። እዚያ ጫፍ ላይ የሚቀመጠው ማን እንደሆነ እኔ አልነግራችሁም፤ ቆጥቦ ያስገባው ሰው እንዳልሆነ ግን እናንተም ታውቃላችሁ።

የሠፈሩን ስምም አትርሱ። ባንኮቹ ሁሉ ተሰብስበው ሰማይ የቧጠጡበት ቦታ፣ ንብ በሉት፣ ኅብረት በሉት፣ ዘመን በሉት፣ ሰንጋ ተራ ነው የሚባለው። ሰንጋ ተራ! የበሬ ገበያ ስም! የሰንበቴ ሰው እዚያ ቢሄድ ባዕድ ሊሆን አይገባውም ነበር።

ባንክ ራሱ ለዚህ አገር እንግዳ ሆኖ ነው የመጣው። አጤ ምኒልክ ከግብፅ ብሔራዊ ባንክ ጋር ተዋውለው የአቢሲኒያ ባንክን በ1898 ዓ.ም. የካቲት ላይ አስመረቁ። ውሉ የ50 ዓመት ነበር፣ የባንኩም ባለቤቶች ፈረንጆች። ሕዝቡ ግን ወረቀት አላመነም። የሚያምነው በማርያ ትሬዛ ምስል የተመታውን ጠገራ ብር፣ ካልሆነም አሞሌ ጨው ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ በ1923 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ ያንን ባንክ በኢትዮጵያ ባንክ ተኩት። ጣሊያን ገባና ዘጋው። ነፃነት ሲመለስ የመንግሥት ባንክ በ1934 ዓ.ም. በአዋጅ ተቋቋመ፣ በ1935 ሥራ ጀመረ። መነሻው አንድ ሚሊዮን ጠገራ ብር ነበር፤ ባንኩ ራሱ ጠገራውን አላመለጠውም ማለት ነው። በ1956 ዓ.ም. ይሄ ባንክ ለሁለት ተከፈለ፤ ገንዘብ የሚያትመውና የሚቆጣጠረው ብሔራዊ ባንክ፣ ከሕዝብ ጋር የሚሠራው ንግድ ባንክ ሆነ። ደርግ በ1967 ባንኮችን ወረሰ። በ1986 ዓ.ም. አዋጅ የግል ባንክ እንደገና ተፈቀደ።

ይሄ ሁሉ ሲሆን እኛ ቤት ባንኩ የእናቴ መቀነት ነበር። የሸጠችውን የቅቤና የማሽላ ገንዘብ ቋጥራ ትታጠቀዋለች። ሌባ ቢመጣ መጀመሪያ እሷን ማሸነፍ አለበት! ኋላ ላይ ልጆቿ ጨቅጭቀን ደብተር አወጣንላት። በዓመቱ መጨረሻ ጸሐፊው «እማማ፣ ይሄን ያህል ወለድ ወልዶልዎታል» ቢላት፣ «ያልወለድኩትን አልወስድም፣ ሐራም ነው፤ ውሰዱልኝ» አለች። ጸሐፊው ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። በዚህ አካባቢ እንደሷ ወለድ ሳይነኩ የኖሩ ስንት ሺህ ሰዎች አሉ? ባንኮቹ ገንዘባቸውን ተቀብለው፣ ወለዱን ሳይከፍሉ፣ ለሌላ በወለድ ሲያበድሩ ኖሩ። ከወለድ ነፃ አገልግሎት እንዲኖር ብሔራዊ ባንክ መመሪያ ያወጣው በ2004 ዓ.ም. ነው። ንግድ ባንክ ራሱ የጀመረው በ2006 ገደማ፣ ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ የሆኑት ባንኮች ሥራ የጀመሩት ከ2013 ወዲህ። እናቴ አልደረሰችበትም።

ቀጥሎ መስከረም 2013 መጣ። የብር ኖት ተቀየረ፤ ሦስት ወር ተሰጠ። ከ10,000 ብር በላይ ያለው በባንክ ሒሳብ ካልሆነ አይቀየርለትም ተባለ። ያን ሰሞን ሰንበቴ የነበራችሁ ታስታውሳላችሁ፤ ከጓዳው፣ ከጎተራው ሥር፣ ከፍየል ቆዳ ውስጥ ምን ያህል ብር ወጣ! የማያነብ ሽማግሌ ሁሉ በአሻራው ደብተር አወጣ። መቀነቱ ተፈታ ማለት ነው።

እንግዲህ የወንድሜ ልጅ ጥያቄ መልሱ እዚህ ላይ ነው። ባንክ የራሱ የሚባል ብዙ ገንዘብ የለውም። ያለው የአስቀማጩ ነው። ንግድ ባንክ በመላ አገሪቱ ወደ 2,000 የሚጠጋ ቅርንጫፍ ዘርግቷል። የቅርንጫፉ ዋና ሥራ ከእናንተ ሰብስቦ ወደ ላይ መላክ ነው። ሕንፃው በባንኩ ትርፍ ተሠራ ቢሏችሁ እውነት ነው፣ ትርፉ ግን ከየት መጣ? የናንተን ብር አበድሮ ካገኘው። ስለዚህ ለልጁ «ያንተም ነው» ልለው ይገባኝ ነበር።

እኔን ግን የሚያሳስበኝ ሕንፃው አይደለም። በሕንፃው ላይ ብቻ የሚጮሁ ሰዎች አሉ፣ አልስማማም። አገር ባንኩ አንድ ጥሩ ሕንፃ ቢኖረው አይከፋም፣ ቆሞ ይታያል፣ ይሸጣል፣ ይከራያል። የሚያሳስበኝ የማይታየው ነው። ስኳር፣ ባቡር፣ ኤሌክትሪክ እየተባለ ለመንግሥት ድርጅቶች የሄደው ብድር ሳይመለስ ተከማችቶ በ2017 ዓ.ም. የተወካዮች ምክር ቤት ንግድ ባንክን ለማዳን ወደ 900 ቢሊዮን ብር የሚደርስ የመንግሥት የዕዳ ሰነድ አጸደቀ። ቁጥሩ ትልቅ ስለሆነ አይገባንም፤ በሕንፃው እንለካው። በ2014ቱ ዋጋ ካሰብነው ወደ 170 የሚጠጋ እንዲህ ዓይነት ሰማይ ጠቀስ ማለት ነው! ከሰንጋ ተራ እስከ ጣርማበር አሰልፋችሁ አስቡት እንጂ!

ይሄን ዕዳ የሚከፍለው ማነው? መንግሥት። መንግሥትስ ከየት ያመጣል? የልጁ ጥያቄ እንደገና!

አሁን ደግሞ ሌላ ቁጥር ልንገራችሁ። መጋቢት 2016 ላይ የባንኩ ኮምፒዩተር አንድ ሌሊት ተሳስቶ ሰዎች በሒሳባቸው ከሌለው በላይ አወጡ፣ አስተላለፉ። ብዙዎቹ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነበሩ። የጎደለው 801 ሚሊዮን ብር ነው ተባለ። መመለስ ነበረባቸው፣ ክርክር የለኝም፤ የሰው ገንዘብ የሰው ነው። አብዛኛውም ተመለሰ። ያልመለሱትን ግን ባንኩ ስማቸውን አወጣ፣ ፎቶግራፋቸውን በየቅርንጫፉ በር ላይ ለጠፈ። የ20 ዓመት ልጅ ፊት የባንክ በር ላይ!

801 ሚሊዮኑ ከ900 ቢሊዮኑ ጋር ሲተያይ ከሺህ አንዱን እንኳ አይሞላም። ኧረ ለመሆኑ የ900 ቢሊዮኑ ፎቶ የት በር ላይ ነው የተለጠፈው? ብድሩን ያዘዘው፣ የፈረመው፣ ስኳር ሳይወጣ ፋብሪካ አለ ብሎ ሪፖርት ያደረገውስ? እኔ ፎቶ ይለጠፍ አላልኩም። ማንም ሰው በር ላይ እንዲለጠፍ አልፈልግም። ግን ለትንሹ ተለጥፎ ለትልቁ ዝም ከተባለ ነገሩ ሕግ መሆኑ ቀርቶ ጉልበት ሆነ ማለት ነው።

ወደ ሰፈራችን ልምጣ። የአክስቴ ልጅ ማሾና ሽንኩርት ያመርታል። የውኃ ፓምፕ መግዣ ብድር ለመጠየቅ ወደ አንድ ባንክ ሄደ፤ የባንኩን ስም አልጠራም። ብሩን የሚያስቀምጠው እዚያው ነው፣ ስምንት ዓመት ሙሉ። «ከተማ ውስጥ ካርታ ያለው ቤት አለህ?» አሉት። የለውም። «ከብት አለኝ፣ ማሳዬ ላይ ሰብል አለ» አለ። ሳቁበት። አራት ጊዜ ተመላለሰ፣ ትራንስፖርቱ ብቻ የፓምፑን ቱቦ ይገዛ ነበር። መጨረሻ ላይ ከነጋዴ በአራጣ ተበደረና ሽንኩርቱን ገና ሳይነቅል ሸጠው።

አሁን ልብ በሉ! በ2011 ዓ.ም. የወጣ አዋጅ አለ፣ ቁጥሩ 1147 ነው። ተንቀሳቃሽ ንብረት፣ ከብትም ሰብልም ጭምር፣ ለብድር ዋስትና ሊሆን ይችላል ይላል። በአዋጅ የተፈቀደውን ነው ልጁ የጠየቀው! ሕጉ አዲስ አበባ ላይ ወጣ፤ ጣርማበርን ግን አልወረደም። ብሩ ሽቅብ ሲሄድ መንገድ አያጣም፤ ቁልቁል ሲመለስ ነው ጭጋግ የሚይዘው።

ከዚህ በኋላም ነገሩ ይብሳል እንጂ አይቀልም። በ2017 ዓ.ም. በወጣው የባንክ አዋጅ ለውጭ ባንኮች በሩ ተከፍቷል። የውጭው ባንክ የሚመጣው ለሰንበቴ ሽንኩርት አይመስለኝም፤ ትልልቁን ደንበኛ ነው የሚፈልገው። የሕዝብ የሆነው ባንክ ካላሰበልን ማን ሊያስብልን ነው?

ስለዚህ ከወጣቶቹ ጋር ሆነን አንድ ደብዳቤ አዘጋጅተናል። እዚህ ጠረጴዛው ላይ ነው ያለው። ስድብ የለበትም፣ ፖለቲካ የለበትም። እዚህ ከተማ ውስጥ ቅርንጫፍ ላላቸው ባንኮች በሙሉ የሚሰጥ ነው። የሚጠይቀው ይሄን ነው፦ ባለፉት ዓመታት ከሰንበቴና ከከሚሴ በዓመት ስንት ብር ሰበሰባችሁ? ከዚያ ውስጥ ስንቱን እዚሁ ላለ ሰው አበደራችሁ? በአዋጅ 1147 መሠረት ከብትና ሰብል ይዛችሁ ያበደራችሁት ሰው አለ ወይ? ከሌለስ ለምን? ወለድ አልፈልግም ላለው ደንበኛስ ገንዘቡን ምን ላይ አዋላችሁት? የማንንም የግል ሒሳብ አንጠይቅም፣ ድምሩን ብቻ ነው። ከዘጠና ቀን በኋላ መልስ ካልመጣ ኮፒው ለብሔራዊ ባንክና በድምፃችን ለተመረጡት የምክር ቤት አባል ይሄዳል፤ ከዚያም ጋዜጣ ላይ።

የሚፈርም ይፈርማል፣ የማይፈርም አይገደድም። ማንበብ ለማይችል ልጆቹ በሦስቱም ቋንቋ ያነቡለታል፤ ሳይገባችሁ እንዳትፈርሙ። አሻራም ይበቃል። ቀለሙ እሱ ጋ ነው፣ እዚያ መስኮቱ ሥር የተቀመጠው ልጅ ጋ። ያው የወንድሜ ልጅ ነው።